ክረምት የማይተኛ ዕዳ

ባለፈው ማክሰኞ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ አራዳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ እጄን ወደ ኮቴ ኪስ ሰደድሁ፤ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ግን «የአባባን ከኔ ውሰድ» ብላ ቀደመችኝ። የማላውቀው ሰው ሲከፍልልኝ አልወድም። ልቆጣ ዞር ስል ፊቷን አየሁና ቁጣው አፌ ላይ ቀረ። ትዕግሥት ናት፤ የተበደርሁበት ባንክ የብድር ክፍል ሠራተኛ የነበረችው፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ የምታስረው ልጅ። አሁን ወፈር ብላለች፤ ጭኗ ላይ ሕፃን አስቀምጣለች።

«አያ ተገኘ፣ አላወቁኝም እንዴ?»

«አወቅሁሽ እንጂ። ባንኩስ?»

«ለቀቅሁ። አሁን ከባለቤቴ ጋር ወፍጮ ቤት ከፍተናል። ከዱቄት ጋር ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ሲያየኝ መንገድ አይቀይርም» ብላ ሳቀች። «እርስዎስ? አሁንም አራዳ ነዎት?»

«ማራኪ ነኝ። ከተማሪ ጋር ተከራይቼ።»

እንደ ቀልድ ነበር ያልኋት። እሷ ግን ሳቋን አቆመች። ሕፃኑን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው አዛወረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔኮ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ቤትዎ ድረስ መጥቻለሁ፤ አጣሁዎት እንጂ። መንገድ የተዘጋባቸውን ነጋዴዎች ዕዳ ወደ ረጅም ጊዜ ብድር እንድናዞር ተፈቅዶልን ነበር። ቅጣቱ ይቆማል፤ የቀረው በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል። ማመልከቻ ላይ መፈረም ብቻ ነበር። የተሰጠን ጊዜ ሁለት ወር ስለሆነ ነው እየዞርሁ ሰው የፈለግሁት» አለችኝ።

«ስንቱ ፈረመ?»

«ያገኘሁት ሁሉ።»

አራዳ ደረስንና ወረድሁ። ስለከፈለችልኝ እንኳ አላመሰገንኋትም። አጣሁዎት አለችኝ። አላጣችኝም። ሁለቱንም ጊዜ ቤት ውስጥ ነበርሁ።

የወጣሁበትን ጉዳይ ትቼ እግሬ እንደለመደው ወደ እህል ተራው ወሰደኝ። ሱቄ የነበረው ቤት ዛሬ የስልክ ቀፎና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል፤ መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ የሚወጣው ዘፈን ከበሮው እንጂ ቃሉ አይሰማም። ከፊት ለፊቱ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። ወደዚህ ተራ መጀመሪያ የመጣሁት ጺሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ከደባርቅ ማዶ ካለችው ከድብ ባሕር ነው። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ያን ጊዜ አንድ ኩንታል ጤፍ ሠላሳ ብር ከገባ ሰው እጁን በአፉ ይጭን ነበር። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦው ዐሥር ሳንቲም፤ ብር ይዞ የወጣ ጎረምሳ ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ለማታውም ይተርፈው ነበር። እግሩ እንደ ደወል የሚሰፋ የቴትሮን ሱሪ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። እኔም ለአንድ ሱሪ ሦስት ወር ቆጥቤ ገዛሁና፣ የመጀመሪያው ቀን ጆንያ ስሸከም ሚስማር ያዘው። ጣልያን የሠራቸው ቤቶች ሰገነታቸው ገና አልረገፈም፤ ከሥራቸው ልብስ ሰፊዎች የስፌት ማኪናቸውን ደርድረው ቀኑን ሙሉ ይረግጣሉ። ከማዶ ካለው ጠጅ ቤት ራዲዮ ይዘፍናል፤ እኛ ጭነት እያወረድን በዜማው እንረግጣለን። ኤንትሬ የሚባለው ትልቅ የጭነት ማኪና ከደባርቅ በኩል ሲመጣ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፤ ገብስ የጫነ እንደሆነ ከሞተሩ ትኩሳት ጋር የተቆላ እህል የሚመስል ሽታ ይዞ ይገባል። ዛሬም ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አሳዳሪዬ አያ ቢምረው ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ በጋም ክረምትም ካፖርት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ከድብ ባሕር እስከ አራዳ ላለው ገበሬ ሁሉ ያበድራሉ፤ ለዘር፣ ለበሬ፣ ለሰርግ። አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ሲቆርጠው፣ የብድር መዝገባቸውን በገመድ ጠፍረው ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል። እስከ መስቀል አይወርድም። በነዚያ ወራት ዕዳ አይጠየቅም፤ ወለድም አይቆጠርም። «ዕዳው ተኝቷል» ይባላል። አንድ ነሐሴ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የለበሰ ገበሬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «አያ፣ ያችን ነገር አላደረስሁም፤ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ነው» ሲል አስታውሳለሁ።

አያ ቢምረው ቀና ብለው አዩት። «ምነው በዚህ ዝናብ? ዕዳህ ተኝቷል። አንተ ነህ የምትቀሰቅሰው? ሂድ አረምህን አርም።»

ሰውዬው መሬት ስሞ ሄደ። እኔም ንግድ ማለት ይህ ነው ብዬ ያዝሁ። ዕዳ ማለት ካልነካኸው ባለበት የሚቆይ ነገር ነው ብዬ ተማርሁ። ያን ትምህርት የሚያርም አስተማሪ ኋላም አላገኘሁም።

ስለ ድሮ ጊዜ ሲጻፍ ደግ ደጉ ብቻ ይጻፋል፤ እኔ ግን ሳልዋሽ ልጽፍ ስለሆነ የተቀመጥሁት ሌላውንም እናገራለሁ። አያ ቢምረው ከመስቀል በኋላ አንዲት ቀን አይጨምሩም ነበር። የአንድን ገበሬ በሬ እህሉ ገና ከአውድማ ሳይነሣ አስወስደውበታል። ያንን በሬ ገመዱን ይዤ እስከ ጎንደር የነዳሁት እኔ ነኝ። የሰውዬው ሚስት እስከ ወንዙ ድረስ ከኋላዬ ተከተለችኝ፤ አላለቀሰችም፤ በሬውን በስሙ ትጠራው ነበር። በሬውም ስሙን እንደሚሰማ ሁሉ እየቆመ አስቸገረኝ፤ መታሁት። ስለዚህ የድሮ አበዳሪ ርኅሩኅ ነበር፣ የዛሬ ባንክ ጨካኝ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ልዩነቱ የድሮው ዕዳ መቼ እንደሚተኛና መቼ እንደሚነቃ እኔ ማወቄ ነበር።

አያ ቢምረው ሲያርፉ ሱቁን ተከራየሁ። ከባለቤቴ ከአዛለች ጋር ከአራዳ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ አምስት ክፍል ቤት ሠራን። ሠራን ስል እኔ ገንዘብ አመጣሁ፤ ድንጋዩን ቆማ ያስጠረበች፣ ግንበኛውን የተጨቃጨቀች፣ ለቆርቆሮው ሲጎድለን የአንገቷን ወርቅ ያወጣች እሷ ናት። አራት ልጆች ከዚያ ቤት ወጡ። እኔ በልጆቼ ላይ ጥብቅ አባት ነበርሁ። በተበደረ ገንዘብ የተገዛ ልብስ ለብሶ ቤቴ የገባ የለም። የበኩር ልጄ አንድ ጊዜ ከጓደኛው ተበድሮ ጫማ ቢገዛ፣ ጫማውን አስወልቄ በካልሲው እየሄደ እንዲመልስ አድርጌያለሁ። በሰንበቴ ማኅበራችንም ያልከፈለ ሰው ሲኖር ተነሥቼ የምናገረው እኔ ነበርሁ። «የማይከፍለውን የሚበላ ሌባ ነው» እላለሁ፤ ሰውዬው አንገቱን ይደፋል፤ እኔ ረክቼ እቀመጣለሁ።

ኦቨርድራፍት የሚባለውን ነገር የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። የእህል ዋጋ በየዓመቱ እየዘለለ፣ ድሮ መቶ ኩንታል የምገዛበት ገንዘብ ሠላሳ መግዛት አቃተው። የተራው ነጋዴ ሁሉ ወደ ባንክ ሄደ፤ እኔም ሄድሁ። ትዕግሥት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አስረዳችኝ። «በሒሳብዎ ያለው ገንዘብ ቢያልቅ እንኳ እስከዚህ ጣሪያ ድረስ ቼክ መጻፍ ይችላሉ። ጣሪያው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ነው። ከዚያ እንዳያልፉ፤ ያስቀጣል። ወለዱም በየወሩ ከዚሁ ሒሳብ ላይ ይቆረጣል።» ከተናገረችው የመጀመሪያውን ሰማሁ፤ የመጨረሻውን ጆሮዬ አሳለፈው። መያዣው ቤቱ ነው። ሚስት ናትና አዛለችም መፈረም ነበረባት። ምንድን ነው ብትለኝ «የንግድ ነገር ነው» አልኋት፤ ፈረመች።

ሁለት ዓመት ሸጋ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ገንዘቡን እስከ ጣሪያው አወጣሁና ከድብ ባሕር ገበሬዎች ሁለት መቶ አርባ ኩንታል ገብስና ባቄላ ገዝቼ እዚያው መጋዘን አስገባሁ። በሳምንቱ ማኪና ልልክ ነበር። በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ አልጽፍም፤ የሚያነበኝ ሁሉ ያውቀዋል። ስልክም ጠፋ። እህሌ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆንን።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። አያ ቢምረው የሚያደርጉትን አደረግሁ። የቼክ ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። መንገዱ እስኪከፈት አልነካውም፤ ካልነካሁት ዕዳው ይተኛል አልሁ። እንዲያውም ኮራሁ። ከሱቄ ቀጥሎ ጨው የሚሸጠው ወርቁ አንድ ቀን መጣና፣ «አያ ተገኘ፣ ባንክ ብቅ አላልህም? ሰዉ ሁሉ እየተሯሯጠ ነው» አለኝ።

«ያልነካሁትን ምን ብዬ ልጠይቅ? ከጣሪያው አንዲት ሳንቲም አላለፍሁም።»

«አንተ አላለፍህም፤ ወለዱስ?»

«ወለድ በተዘጋ መንገድ?»

ወርቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «መንገዱን የዘጋው ባንኩ መሰለህ እንዴ! ኧረ ሂድ፣ እንደዚህ እንደ ሽማግሌ አትሁን።»

ሽማግሌ ስላለኝ አኮረፍሁትና ምክሩን ጣልሁት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የካቲት መጨረሻ ላይ መጣ። ከተፈቀደልዎ ጣሪያ በላይ አሥራ ስድስት ሺህ ብር አልፈዋል ይላል። አንድ ሰው ፊርማዬን አስመስሎ ያወጣብኝ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሌባ አልነበረም። የወሩ ወለድ ሙሉ በሆነው ሒሳብ ላይ ሲቆረጥ፣ መግቢያ አጥቶ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ባለፈው ላይ ደግሞ የቅጣት ወለድ አለ። በሚቀጥለው ወር ወለዱ በወለዱ ላይ፣ ቅጣቱ በቅጣቱ ላይ ተቀመጠ፤ ደብዳቤ ለመጻፍም ክፍያ አለው። ክረምት ሲገባ ያለፈው ብቻ መቶ ሺህ ተሻገረ። አንድ ኪሎ ገብስ ሳልሸጥ፣ አንድ ቼክ ሳልጽፍ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ። ይህን ያህል ማስከፈል ልክ ነው አልልም። ሠርቶ ያጣና ሰርቆ የጠፋ በአንድ ሚዛን የሚመዘንበት ሥራ ነው፤ ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ። ግን ሰው ስለ ባንኩ ክፋት ከመናገሩ በፊት ደብዳቤውን ይዞ ሄዶ መጠየቅ ነበረበት። እኔ አልሄድሁም።

ለምን አልሄድሁም? የባንኩ አዳራሽ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ያውቀኛል። ግማሹ በሰንበቴ ስናገር የሰማኝ ነው። «ሌባ ነው» ያልሁት ሰውም ከነሱ አንዱ ነው። የነሱ ዓይን ፊት ቁጥሬን ጠብቄ ተነሥቼ፣ አልቻልሁም ልል አልቻልሁም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ባዶ ጆንያ ውስጥ እየከተትሁ፣ ሱቁን ዘግቼ ቤት መዋል ጀመርሁ። ትዕግሥት በመጣች ጊዜ አዛለችን «የለም በያት» አልኋት። በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽታ የማታውቅ ሴት በኔ ትእዛዝ በር ላይ ቆማ «የለም» አለች። እኔ ጓዳ ውስጥ የልጅቱ ጫማ ጠጠሩን ሲረግጥ እየሰማሁ ትንፋሼን ዋጥሁ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ።

ጥር ሲመለስ በየዓመቱ የሚታደሰው የብድሩ ዘመን አለቀ። ያልታደሰ ብድር ሙሉው በአንድ ቀን ይፈለጋል። የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ መጣ። መንገዱ በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ድብ ባሕር ስደርስ ባቄላውን ነቀዝ ጨርሶታል፤ ጆንያውን ሲያነሡት ዱቄቱ ይፈስሳል። ገብሱን በተገኘው ዋጋ ሸጥሁና ገንዘቡን በቦርሳ ይዤ በመጨረሻ ባንኩ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥሁ። ሥራ አስኪያጁ ልጄ የሚሆን ትሑት ሰው ነው። «አባቴ፣ ይህን በክረምት ቢያመጡልኝ አንድ ነገር አደርግ ነበር። አሁን ከኔ እጅ ወጥቷል» አለኝ። ቤቱ በጋዜጣ ወጣ፤ በሐራጅ ተሸጠ። ዕዳውና ቅጣቱ ተነሥቶ የተረፈው ጥቂት ዓመት ኪራይ የሚከፍል ነው። ቁልፍ የምናስረክብ ዕለት አዛለች አምስቱንም ክፍል ጠርጋ፣ መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ አስደግፋ ወጣች። የገዛው ሰው እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ባንኩን ረገመ፤ እኔም አብሬ ረገምሁ። ከዚያ ወዲህ «ባንክ በላን» ነው ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ስነሣ ይህን ቃል ከዚያ ወዲያ ልናገረው እንደማልችል ገባኝ። ሌላው ሰው ይቅር፤ አዛለች ግን እውነቱን ማወቅ አለባት አልሁ። ለልጆቼ ስሰብክ የኖርሁት ስለ እውነት ነው። በእግሬ ወደ ማራኪ ተመለስሁ። እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳሰላ፣ ታለቅሳለች፣ ትሰድበኛለች፣ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች፣ ሁሉንም አሰብሁ።

ከተከራየናት ክፍል ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከጎን ክፍል ተማሪዎች ጮክ ብለው ያጠናሉ። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ትዕግሥትን አገኘኋት። የባንኩን ልጅ» አልኋት።

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ወልዳለች። አዛለች፣ ስሚኝ። ያን ጊዜ የመጣችው ልታስወጣን አልነበረም። ቅጣቱን ሊያቆሙልን፣ ዕዳውን በየወሩ ሊያደርጉልን ነበር የመጣችው። ወጥቼ ባነጋግራት ቤቱ አይሄድም ነበር። ባንክ አይደለም የበላን። እኔ ነኝ።»

ጠጠር አወጣችና ወረወረች። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«በሁለተኛው ቀን በር ላይ ነግራኛለች። ወረቀቱንም ሰጥታኝ ነበር። አያ ተገኘ ይፈርሙበትና ይላኩልኝ ብላ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«እንዴት አልነገርሁህም? ያን ማታ ራት ላይ ‹ያች የባንክ ልጅ› ስል ሳህኑን ገፍተህ ተነሣህ። በነጋታው ‹አንድ ወረቀት አለ› አልሁህ። ‹ሁለተኛ የባንክ ወሬ ከዚህ ቤት ብሰማ አንቺን ነው የማስወጣው› አልኸኝ። አላልኸኝም?»

ብያለሁ። እሷ ስትለው ነው ትዝ ያለኝ፤ እኔ ረስቼው ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል በየቀኑ ስለምናገር የትኛውን በየትኛው ቀን እንዳልሁት አላስታውስም።

«ወረቀቱስ?»

«መሶብ ሥር አድርጌ ሁለት ወር ጠበቅሁ። አንድ ቀን ደስ ብሎህ ከመጣህ እሰጥሃለሁ እያልሁ። ደስ ብሎህ የመጣህበት ቀን የለም። ቀኑ ሲያልፍ እሳት ውስጥ ከተትሁት።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ባንክ በላን ስል ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«ምን ልበልህ? ያችን ቃል ካልያዝህ ሌላ ምን ትይዛለህ?» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «ቁጣህን ፈርቼ ቤቴን አጣሁ» አለች።

ቤቴን አለች። ያን ቤት አብረን ስንሠራም ሆነ ስንለቅ «ቤቴ» የምለው እኔ ብቻ ነበርሁ። ከአፏ ሲወጣ መጀመሪያዬ ነው። አንድ ነገር ልላት ፈለግሁ፤ የማውቀው የቁጣና የምክር ቃል ብቻ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል አልተማርሁም። ትሪውን ተቀብያት ልለቅምላት ጀመርሁ። ዓይኔ ግን ደክሟል፤ ምስሩን ከጠጠሩ አልለይ አለኝ። ትንሽ አየችኝና ትሪውን ከእጄ ወስዳ፣ እንደገና ከመጀመሪያው መልቀም ጀመረች።